ሙሉ ባትሪ ይዞ ቆላ መውረድ፦ ፕላግ ኢን ሃይብሪድ መኪና በወሎ ሙቀት

ግንቦት ገብቶ ኮምቦልቻና ከሚሴ ላይ ፀሐዩ ሲጠነክር አንድ ወሬ አብሮ ይነሳል። «ባትሪ ያለው መኪና ለቆላ አይሆንም» ይባላል። አንዱ በሙቀት ይፈነዳል ይላል። ሌላው በሁለት ዓመት ይሞታል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «አብሽር፣ መኪናው ራሱን ያውቃል፣ አትነካካው» ብሎ ይዘጋዋል። መኪና ልግዛ ብሎ ምክር የጠየቀ ሰው ሦስቱንም ሰምቶ ግራ ተጋብቶ ይመለሳል።

ወሬው የበዛው ያለምክንያት አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ባትሪ የሁሉም ሰው ጉዳይ ሆኗል። ከደሴ ወልዲያ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ ለሚመላለስ ሰው ደግሞ ፕላግ ኢን ሃይብሪድ የሚያማልል ነገር አለው፤ ቤንዚን ሲጠፋ በመብራት፣ መብራት ሲጠፋ በቤንዚን ይሄዳል። መሃል መንገድ ላይ ቻርጅ አለቀብኝ ብሎ መቆም የለም። ግን ባትሪው ሙቀት ሲነካው ምን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚያድነውም በደንብ ሲነገር አይሰማም።

አስቀድሜ ልናገረው። የሙቀቱ ቀን ብቻውን ባትሪ አይገድልም። ባትሪ የሚጎዳው ሙቀትና ሙላት ሲገናኙ፣ ተገናኝተውም ለሰዓታት አብረው ሲውሉ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኛቸው መልክዓ ምድሩ ራሱ ነው፤ ደጋው ላይ ሞልተን ቆላ እንወርዳለን።

ትንሽ ባትሪ፣ ትልቅ ሸክም

ስሙ ነው የሚከብደው እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ፕላግ ኢን ሃይብሪድ የቤንዚን ሞተርም የኤሌክትሪክ ሞተርም ያለው፣ ባትሪው እንደ ስልክ ተሰክቶ የሚሞላ መኪና ነው። ተራው ሃይብሪድ አይሰካም፤ ያችን ትንሽ ባትሪውን በቤንዚን ሞተሩና ፍሬን ሲያዝ በሚያገኘው ጉልበት ራሱ ይሞላል። ሙሉ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ነዳጅ ማደያ አያውቅም።

የባትሪ መጠን የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚበላው መብራት ነው። የ2011 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሼቭሮሌ ቮልት 16 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የመጀመሪያው ባለ መሰኪያ ሚትሱቢሺ አውትላንደር 12፣ የመጀመሪያው ቶዮታ ፕሪየስ ፕራይም 8.8 ይይዛሉ። ሙሉ ኤሌክትሪክ ከሆኑት መካከል ግን ከ40 እስከ 80 የሚይዙት ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ባትሪው ትንሽ ነው፣ የሚጠየቀው ሥራ ግን ትንሽ አይደለም። ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ መኪናው 60 ኪሎዋት ጉልበት ጠየቀ እንበል። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይህን ለአንድ ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። ባለ 10ሩ ግን በዚያው ጉልበት በ10 ደቂቃ ውስጥ ባዶ ይቀራል። የግመል ጭነት አህያ ላይ እንደመጫን ነው። ባትሪ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከኮረንቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ ኮረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ፕላግ ኢኑ የቤንዚን ሞተርና የጭስ ማውጫ ቱቦም ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ለሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና የተጻፈ ምክር ሁሉ እንዳለ ለፕላግ ኢን አይሠራም።

ሙቀቱ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ሊትየም አዮን ይባላል። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ዘመዱ ነው። ለሰው የሚመች አየር ለእሱም ይመቸዋል፤ ከ15 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ደስ ብሎት ይሠራል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ወዲያው አይሞትም። ያረጃል።

እርጅናው እንዲህ ነው። ባትሪው ውስጥ ካሉት ሁለት ጫፎች በአንደኛው ላይ ገና ከመጀመሪያው ቀን አንድ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ አስፈላጊ ነው፣ ያለ እሱ ባትሪው አይሠራም። ችግሩ ሽፋኑ ማደጉን አለማቆሙ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ እየተጋገረ እንደሚሄደው ነጭ ቅርፊት ቀስ እያለ ይወፍራል፣ በወፈረ ቁጥርም ጉልበት ይሸከም የነበረውን ሊትየም እየበላ ይሄዳል። ትናንት 50 ኪሎ ሜትር በመብራት ይወስዳችሁ የነበረው መኪና ዛሬ 42 ላይ ቤንዚን ያስነሳል። ሙቀት ይህን ሥራ ያፋጥነዋል። በኬሚስትሪ የታወቀ ግምት አለ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እንዲህ ዓይነቱ ሂደት ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ግምት ነው፣ ለእያንዳንዱ መኪና የተቆረጠ ሒሳብ አይደለም። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው።

ሁለተኛው ነገር ሙላት ነው። ባትሪው እስከ አፉ ሲሞላ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት ከፍ ይላል፣ ያልተፈለገው ኬሚስትሪም ይበረታል። ሙሉ ሆኖ የቆመ ባትሪ በሙቀት ከግማሽ ባትሪ በፍጥነት ያረጃል። «የቆመ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ። ብዙ ሰው የሚፈራው እየነዳ እያለ ባትሪው እንዳይግል ነው። ሲነዳ ግን ማቀዝቀዣው ሥራ ላይ ነው፣ ባትሪውም እየጎደለ ነው። ፀሐይ ላይ ሞልቶ ተዘግቶ ሲውል ነው ጠባቂ የሌለው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ ከተማ አካባቢ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች የባትሪያቸው አቅም ያለ ጊዜው መውረዱን አሰሙ። ሊፍ ሙሉ ኤሌክትሪክ ነው፣ ባትሪው ማቀዝቀዣ ፋን እንኳ አልነበረውም። ፊኒክስ ደግሞ በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ መሄድ ልማዷ ነው፤ ከሚሌና ከሰመራ ጋር አንድ ሰፈር ናት ማለት ይቻላል። ኩባንያው የዋስትና ሽፋን ጨመረ፣ ለ2015 ሞዴልም ሙቀት የበለጠ የሚችል ባትሪ ይዞ መጣ። ያው መኪና ቀዝቃዛ አገር ላይ እንዲህ አላስጮኸም። ልዩነቱን ያመጣው አየሩ ነው።

ስለ እሳትም ልበል፣ ወሬው እሱ ላይ ስለሚያተኩር። የአየር ሙቀት ብቻውን ጤነኛ ባትሪ አያቃጥልም። ባትሪ ራሱን ማቃጠል የሚጀምርበት የውስጥ ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ነው፤ የአፋር ፀሐይም እዚያ አያደርሰውም። የእሳት መነሻው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፦ ድንጋይ የመታው ሆድ፣ ውኃ የገባበት ባትሪ፣ የፋብሪካ ስህተት፣ በማይገባው እጅ የተነካካ ገመድ። የባትሪው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ ብዙ የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙበት፣ ኒኬልና ኮባልት ካለበት ዓይነት ይልቅ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ አይከዳም። ቶሎ አይቃጠልም ማለት ግን አያረጅም ማለት አይደለም። እሱም ያረጃል።

መኪናው ራሱን ያቀዘቅዛል?

«መኪናው ራሱን ያውቃል» የሚለው ሰው አልዋሸም። ባትሪው ላይ የሙቀት መለኪያዎች አሉ፣ እነሱን የሚያነብ ኮምፒውተርም አለ፤ ቢኤምኤስ ይሉታል፣ የባትሪ ተቆጣጣሪ ማለት ነው። ባትሪው ሲግል ኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣውን ያስነሳል። ካልበረደም ባትሪው የሚሰጠውን ጉልበት ይቀንስና ቤንዚኑን ያስነሳል፣ ቻርጅ ላይ ከሆነም ያዘገመዋል። ጥያቄው ማቀዝቀዣው ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

አንዳንዱ መኪና በፈሳሽ ነው። ባትሪው በተሠራባቸው ትንንሽ ሴሎች መካከል ወይም ከሥራቸው ኩላንት ይዞራል፣ እንደ ሞተሩ ራዲያተር የራሱ ፓምፕ አለው፣ ሙቀቱ ሲብስም ኤሲው ያግዘዋል። ሼቭሮሌ ቮልት እንዲህ ነው። ሌላው የኤሲውን ጋዝ በቀጥታ ባትሪው ሥር ይወስደዋል። ሦስተኛው በአየር ነው፤ ፋን አየር ስቦ በባትሪው መሃል ያሳልፋል። የመጀመሪያው ፕሪየስ ፕራይም ከእነዚህ ነው፣ አየሩንም የሚስበው ተሳፋሪው ከተቀመጠበት ክፍል ነው።

እስቲ ይቺን የአየር መሳቢያ ጠጋ ብለን እንያት። የኋላው ወንበር አጠገብ ያለች፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማትበልጥ የፕላስቲክ ወንፊት ናት። ብዙ ሰው የድምፅ ማጉያ ትመስለዋለች። መኪናው ገና ተገዝቶ ሳይውል ሳያድር እኛ የምናደርገው ምንድን ነው? ወንበሩን ሽፋን እናሰፋለታለን። ጥብቅ ያለ፣ እስከ ጥግ የሚለበጥ። ልብስ ሰፊው ወንፊቷን አያውቃትም፣ ይሸፍናታል። ሽፋኑ ቢተርፋት እንኳ የማሽላ ጆንያ ይደገፍባታል፣ ጋቢ ይጣልባታል፣ ከገጠር መንገድ የገባው አቧራ ደግሞ ውስጧ ያለችውን ማጣሪያ ስሜንቶ የተቦካባት ያስመስላታል። ፋኑ ይሽከረከራል፣ አየር ግን የለም። ከኋላ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ያለ ድምፅ መሰማት ከጀመረ ባትሪው አየር አጥሮት እየታገለ ሊሆን ይችላል። መቶ ሺዎች ለሚያወጣ ባትሪ መድኃኒቱ አንዳንዴ መቀስ ነው፤ ሽፋኑን በወንፊቷ ልክ መቅደድ።

ከተሳፋሪው ክፍል አየር የሚስብ መኪና ላይ ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ኤሲ አጥፍቶ፣ አቧራውን ፈርቶ መስኮት ዘግቶ የሚሄድ ሾፌር፣ እሱ የሚተነፍሰውን ያንኑ ትኩስ አየር ነው ባትሪው የሚተነፍሰው። በፈሳሽ የሚቀዘቅዙትም ላይ ቢሆን ኤሲው ጋዝ ካጠረው ባትሪው አጋዥ አጣ ማለት ነው። «ኤሲ ቅንጦት ነው» የሚለው የድሮ ሐሳብ እዚህ መኪና ላይ አይሠራም።

ሐረጎ ላይ የሚሆነው

አሁን ወደ መሬታችን እንምጣ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፣ አብዛኛው ቁልቁለትም የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ባቲ 1,500 ገደማ፣ ሚሌ ደግሞ 500 ገደማ ላይ ትገኛለች። ደሴ ላይ ሹራብ ለብሶ የተነሳ ሰው ከቀትር በፊት ሚሌ ላይ ሸሚዙን ይከፍታል።

በሰውና በዕቃ 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ለከፍታው ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የጎማውን፣ የነፋሱንና በየመንገዱ የሚባክነውን ሲጨምሩበት ከ5 ያልፋል። ባለ 10 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለያዘ ሰው ከኮምቦልቻ ደሴ ማለት የባትሪው ግማሽ ማለት ነው፣ ያውም በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ያውም ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ውሎ ከሞቀ በኋላ። የቤንዚኑ ሞተር ሳይፈለግ ድንገት የሚነሳው እዚህ ዳገት ላይ ቢሆን አይግረማችሁ። ብልሽት ላይሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ለባትሪው እየራራለት ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እነዚህ መኪኖች ፍሬን ሲያዝ ወይም ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ተገልብጦ እንደ ዲናሞ ይሠራና ባትሪውን ይሞላል። ድንቅ ነገር ነው፤ ግን ባትሪው ቦታ ካለው ነው። ደሴ ሌሊቱን ተሰክቶ ጠዋት 100 ፐርሰንት ሆኖ የተነሳ መኪና ሐረጎ ላይ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። የሚያገኘው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይባክናል፣ መኪናውም በሞተር ወይም በተራ ፍሬን ራሱን ለመያዝ ይገደዳል። ኮምቦልቻ የሚደርሰው ያው እንደሞላ ነው። ሥራ ቦታ ደረሰ፣ ቆመ፣ ፀሐይ ወጣበት፣ እስከ 11 ሰዓት ዋለ። ሙሉና ሙቅ፣ በየቀኑ ስምንት ሰዓት።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሥራ የሚመላለሰው ሰው ባትሪውን የሚጎዳው በአነዳዱ ሳይሆን ማታ በሚሰካበት ልማዱ ነው የምለው ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ሰመራ አይደለችም፣ ጉዳቱም የአንድ ሳምንት ወይም የአንድ ወር አይደለም። ነገር ግን በዓመት 250 ቀን የሚደጋገም ነገር ነው። ደሴ ላይ 75 ወይም 80 ፐርሰንት ሞልቶ ቢነሳ ሐረጎ ትንሽ በነፃ ይጨምርለታል፣ ኮምቦልቻም እስከ አፉ ሳይሞላ ይደርሳል፣ ፍሬኑም ይተርፍለታል።

ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርድ ሰው ላይ ነገሩ ይከራል። አብዛኞቹ ፕላግ ኢኖች «ባትሪው ይቆይ፣ ቤንዚኑ ይሥራ» የሚል ቁልፍ አላቸው። ሰው ያንን ተጭኖ ባትሪውን «ለክፉ ቀን» ይዞ ይወርዳል። ሲያስቡት ብልህነት ይመስላል። ውጤቱ ግን 40 ዲግሪ ውስጥ ሙሉ ባትሪ ይዞ መቆም ነው። ተቃራኒው ይሻላል፤ ቁልቁለቱን በባትሪ ወርዶ ቆላው ላይ ባትሪው 30 ፐርሰንት ገደማ ሆኖ መድረስ። ለምን ዜሮ አይሆንም? ባዶ ባትሪ ይዞ ከሚሌ ወደ ባቲ መውጣት ሌላ መከራ ስላለው ነው። ከኋላ ሲኖትራክ እየነፋ፣ ሞተሩ ብቻውን እየጮኸ፣ ለመቅደም ሲፈለግ ጉልበት የለም። ትንሽ ባትሪ ለዳገቱ መቅረት አለበት። የማስቀመጫው ቁልፍ ቦታው መመለሻ ላይ ነው፤ ቆላውን ለቆ መውጣት ሲጀመር ቤንዚኑ ዋናውን ሸክም ይይዛል፣ ባትሪው ያግዛል።

በነገራችን ላይ ደጋው አየሩ ቀዝቃዛ ይሁን እንጂ ስስ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ያለ አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው የሚከብደው፣ ስለዚህ ፋን በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ቅዝቃዜው ይክሰዋል፣ ብዙ አያሳስብም።

80 ወይስ 100?

ክርክሩ እዚህ ላይ ይጦፋል። አንደኛው ወገን «ከ80 በላይ በፍጹም አትሙሉ» ይላል። ሌላው «ኩባንያው ራሱ ጠባቂ አስቀምጧል፣ ሙሉ ሞልታችሁ ንዱ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ለፕላግ ኢን ሲሆን ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ እውነት አለው። የመጀመሪያው ቮልት 16 ኪሎዋት ሰዓት ቢይዝም ሾፌሩ እንዲጠቀም የተፈቀደለት ከ10 ብዙም አይበልጥም ነበር። ዳሽቦርዱ 100 ሲል ባትሪው በትክክል 100 አይደለም፤ ከላይም ከታችም የተቆለፈ ቦታ አለ። ይህ ቁልፍ ግን ከመኪና መኪና ይለያያል፣ አንዳንዱ ላይ ሰፊ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ጠባብ።

እኔ የምደግፈው መሃሉን አይደለም። ቁጥሩ ላይ መጨቃጨቁን ትቼ ሰዓቱን ነው የማየው። 100 ሞልቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መነሳት ምንም አይደለም። 100 ሞልቶ ዓርብ ማታ ቆሞ ሰኞ መነሳት ግን፣ ያውም ከሚሴ ላይ፣ ያውም በግንቦት፣ ባትሪን ያስረጃል። ሊትየም አይረን ፎስፌት የያዘ መኪና ደግሞ ኮምፒውተሩ መጠኑን በትክክል እንዲያውቅ አልፎ አልፎ ሙሉ መሞላት ይፈልጋል። እሱንም በማግስቱ ጠዋት ለሚነዱበት ሌሊት ማድረግ ነው።

መሰካት ያለበት መቼ ነው?

ባትሪ ከባድ ዕቃ ነው፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን አለ። ከባድ ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም፣ ከሞቀም ቶሎ አይበርድም። ከሚሴ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ማታ 1 ሰዓት ቤት የገባ መኪና ውጭው ቢበርድም ባትሪው ገና ትኩስ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ከመኪናው ሳንወርድ ነው የምንሰካው። መብራት ሳይሄድ ልሙላ ነው ሐሳቡ፣ ይገባኛል። ነገር ግን መሙላትም ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ትኩስ ላይ ትኩስ ይጨመራል።

ባለ 10 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በተራ የቤት ሶኬት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ቢጀምር ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ይጨርሳል። ያኔ አየሩም ባትሪውም ቀዝቃዛ ናቸው፣ ሞልቶም ብዙ ሳይቆይ ይነዳል። አብዛኞቹ መኪኖች የመሙያ ሰዓት መቅጠሪያ አላቸው፣ ማንም አይነካውም እንጂ። መብራቱ የማይታመን ሰፈር ያለ ሰው ይህን ሁሉ ማድረግ ላይችል ይችላል፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አሳርፎ መሰካት ይችላል።

ተሰክቶ መቆም ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም፣ ይህም ይምታታል። በፈሳሽ የሚቀዘቅዙ አንዳንድ መኪኖች፣ ቮልት አንዱ ነው፣ ተሰክተው ሲቆሙ ባትሪው ከጋለ ፓምፑንና ኤሲውን ከግድግዳ በሚያገኙት መብራት ያስነሳሉ። ቆሞ እያለ ድንገት ድምፅ ቢያሰማ ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ሙቀት ቦታ ለብዙ ቀን ከሚቆም ተሰክቶ ቢቆም ይሻለዋል። በአየር የሚቀዘቅዘው ላይ ግን ይህን ጥቅም አትጠብቁ።

ጥላ ደግሞ ቀላሉ ነገር ነው፣ ግን ሰው ይንቀዋል። ባትሪው ከሥር ወይም ከኋላ ስለሆነ ፀሐዩ አይነካውም ይባላል። ፀሐይ ላይ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከውጭው በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃል፣ ሙቀቱም ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ሰኞ የባቲ ገበያ የሚውል ሰው መኪናውን ገበያው ዳር ፀሐይ ላይ ከሚያቆመው 200 ሜትር በእግሩ ቢሄድ፣ ዋርካ ወይም ግድግዳ ጥግ ፈልጎ ቢያቆመው ለባትሪው ብዙ ነገር አደረገለት። ሲመለስም መስኮቱን ከፍቶ ትኩሱን አየር አስወጥቶ፣ ኤሲ አብርቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቀስ ብሎ መንዳት ይበቃዋል።

ከንቱ ልፋትም አለ። ኮፈን ከፍቶ ማቆም የዋናውን ባትሪ አያበርድም፤ ብዙዎቹ ላይ ባትሪው እዚያ የለም። ሥሩ ላይ ውኃ መርጨትም እንደዚያው፤ ባትሪው የታሸገ ነው፣ ቅዝቃዜው ሴሎቹ ጋ አይደርስም፣ ስንጥቅ ካለ ግን ውኃው ይደርሳል።

ጋራዥና ላቫጆ

በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ መኪና ላይ የባትሪው ኩላንት ብዙ ጊዜ የራሱ ዕቃ አለው፣ ከሞተሩ የተለየ። ጎድሎ ሲገኝ የቧንቧ ውኃ መሙላት የለመድነው ነገር ነው። እዚህ ላይ አይሆንም። የቧንቧ ውኃ ጨውና ኖራ ይይዛል፣ ኮረንትም ያስተላልፋል፣ ቀጫጭኖቹን መተላለፊያዎችም ይደፍናል። የኩባንያው መመሪያ የሚለውን ዓይነት ብቻ። ኩላንቱ እየጎደለ ከሄደ ደግሞ መሙላቱን ትቶ ለምን እንደጎደለ መፈለግ ነው፤ ከሰቆጣ ወይም ከላሊበላ መንገድ የተመለሰ መኪና ሆዱን ድንጋይ መትቶት ሊሆን ይችላል።

ላቫጆ ላይ ፊት ለፊት ያሉትን ራዲያተርና የኤሲ ኮንዴንሰር በኃይለኛ ውኃ መምታት ቀጫጭን ክንፎቹን ያጣጥፋል፣ አየር መግቢያውንም ይዘጋል። ለስለስ ባለ ውኃ ይታጠቡ። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ግን ማንም አይንካ፤ ከ200 ቮልት በላይ የሚያልፍባቸው ናቸው፣ ሞተሩ ጠፍቶም ባትሪው ውስጥ ጉልበቱ አለ።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ

ባትሪው ያረጀው እዚህ ብቻ ላይሆን ይችላል። ያገለገለ መኪና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ እኛ ሲመጣ ኖሯል፤ እዚያ አምስት ዓመት የዋለ መኪና የሰመራን ዓይነት ሙቀት አምስት የሙቀት ወቅት አሳልፏል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይህን አይነግራችሁም። ጥቂት ነድቶ ብዙ የቆመ መኪና ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ባትሪው ግን ደክሞ ሊሆን ይችላል።

መፈተኛው ከባድ አይደለም። ባትሪውን ጨርሱት፣ ከዚያ ሰክታችሁ እስኪሞላ የበላውን መብራት በቆጣሪ ለኩ። ከበላው ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ፐርሰንት በመሙላት ይባክናል፣ እሱን ቀንሱ። የቀረውን መኪናው አዲስ ሳለ ሾፌሩ እንዲጠቀም ከሚፈቅደው መጠን ጋር አስተያዩ፤ ባትሪው ላይ ከተጻፈው ጠቅላላ መጠን ጋር ካስተያያችሁት ጤነኛውም የታመመ ይመስላል። ከዚያ ሜዳ ላይ፣ ከወልዲያ ወዲያ የቆቦን ሜዳ የመሰለ ቦታ፣ ቤንዚን ሳይነሳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ እዩ። ሐረጎ ላይ አትፈትኑት። ወደ ታች ከሆነ ሁሉም ባትሪ አዲስ ይመስላል፣ ወደ ላይ ከሆነ ሁሉም ያረጀ።